ኦዞን ላይ «ኤስፒ» ብዬ ኤክስ ተደረገብኝ፤ የት ጋ ነው የሳትኩት?

ጉም_በጦሳ | ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። ዛሬ የሞዴል ፈተና ወረቀት ተመለሰልን። ኬሚስትሪ ላይ ሃይብሪዳይዜሽን (የመሃለኛው አተም ኦርቢታሎች፣ ማለት የኤሌክትሮን ማደሪያዎቹ፣ እንዴት እንደሚደባለቁ) ከሚጠይቁት አምስት ጥያቄዎች ሦስቱን ስቻለሁ። የሚያናድደው ደግሞ «ይሄን ምዕራፍ እንኳ ጨርሼዋለሁ» ብዬ የገባሁ መሆኔ ነው።

አሠራሬ ይሄ ነበር። መሃል ያለውን አተም አያለሁ። ዙሪያውን ስንት አተም እንደያዘ እቆጥራለሁ። ሁለት ከሆነ ኤስፒ፣ ሦስት ከሆነ ኤስፒ2፣ አራት ከሆነ ኤስፒ3። ሚቴን ላይ ሠራ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይም ሠራ።

ከዚያ አሞኒያ መጣ። ሦስት ሃይድሮጅን፣ ስለዚህ ኤስፒ2 አልኩ። ኤክስ። ውኃ ሁለት ሃይድሮጅን፣ ኤስፒ አልኩ። ኤክስ። ኦዞን መሃል አንድ ኦክስጅን፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በምን ይለያል? ኤስፒ አልኩ። ኤክስ።

መልሱ ኦዞን ኤስፒ2 ነው ይላል። አሞኒያና ውኃ ሁለቱም ኤስፒ3። አንዱ ሦስት፣ አንዱ ሁለት ይዞ እንዴት እኩል ይወጣሉ? መምህራችንን ልጠይቅ ስል ተደወለ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነው የምጽፈው፣ 14 ፐርሰንት ቀርቶታል፤ ቶሎ በሉልኝ።


ቦርከና_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 2፡31

አብሽሪ እህቴ፣ እዚያች ጋ ያልወደቀ የለም። እኔ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ኢንትራንስን ያለፍኩት በዚህች ፎርሙላ ነው።

የመሃሉን አተም ቫለንስ ኤሌክትሮን (የውጨኛው ሽፋን ኤሌክትሮን) ያዢ። አንድ ቦንድ ብቻ የሚሠሩትን አተሞች ብዛት ደምሪበት፤ ሃይድሮጅን፣ ፍሎሪን፣ ክሎሪን የመሳሰሉትን። ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለ ቀንሺ፣ ኔጋቲቭ ካለ ደምሪ። ከዚያ ለ2 አካፍይ። 2 ከመጣ ኤስፒ፣ 3 ከመጣ ኤስፒ2፣ 4 ከመጣ ኤስፒ3።

አሞኒያ፦ 5 + 3 = 8፣ ሲካፈል 4።
ውኃ፦ 6 + 2 = 8፣ 4።
ቦሮን ትራይፍሎራይድ፦ 3 + 3 = 6፣ 3።
አሞኒየም፦ 5 + 4 − 1 = 8፣ 4።
ናይትሬት፦ 5 + 0 + 1 = 6፣ 3።
ኦዞን፦ 6 + 0 = 6፣ 3።

በጎን ያለ ኦክስጅን አይቆጠርም፤ ዜሮ ነው። በቃ፣ ለአንድ ጥያቄ ሃያ ሰከንድ።


ስፕሪስ_ያለ_ስኳር | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ፎርሙላው ይቆይና፣ ነገሩ ራሱ ስፕሪስ ነው። ካርቦን አንድ ኤስ እና ሦስት ፒ የሚባሉ ኦርቢታሎች አሉት። አንድ ብርጭቆ ቡና፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በይው። ሁሉንም አንድ ጀበና ውስጥ ገልብጠሽ እንደገና ስትቀጂ አራት ብርጭቆ ስፕሪስ ይወጣል። አራት ገባ፣ አራት ወጣ። አራቱም ጣዕማቸው አንድ ነው፤ ሩቡ ቡና፣ ሦስት ሩቡ ሻይ። ኤስፒ3 ማለት ይሄ ነው።

ሦስት ስፕሪስ ብቻ ከተፈለገ ደግሞ አንዷን ሻይ ሳትነኪ ትተያታለሽ። ያቺ የተረፈችው ፒ ናት ፓይ ቦንድ፣ ማለት በዋናው ቦንድ ላይ የሚጨመረውን፣ የምትሠራው።


ሐረጎ_ጥምዝ | ሰኞ፣ ማታ 2፡44

ጁስ ቤት ግን ስፕሪስ ሳይደባለቅ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ። ልጅቷን አታሳስታት ሃሃ።


ስፕሪስ_ያለ_ስኳር | ሰኞ፣ ማታ 2፡46

የሻይ ቤቱን ነው ያልኩት ወንድሜ። ጁስ ቤቱ ፊዚክስ ክፍል ነው።


ጉም_በጦሳ | ሰኞ፣ ማታ 2፡58

ቦርከና፣ አመሰግናለሁ፣ ሠራ። ግን ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንደኛ፣ ኦክስጅን ለምንድን ነው ዜሮ የሚሆነው? እዚያው ተቀምጦ እያየሁት! ሁለተኛ፣ አሴቲሊን ላይ ሞከርኩት። አንዱን ካርቦን መሃል አደረግሁ፣ 4፤ አንድ ሃይድሮጅን፣ 1። 5 ለ2 ሲካፈል 2.5 መጣ። ኤስፒ አንድ ተኩል ልበል?


ቦርከና_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

አሴቲሊን ኤስፒ ነው፣ እሱ የታወቀ ነው። 2.5... ቆይ እስኪ።

እሺ፣ ሃይድሮጅን ሳያናይድም 4 + 1 ብሎ 2.5 ሰጠኝ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም 5 ለ2፣ 2.5። ሦስት ዓመት ስጠቀምባት እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። ዛሬ ምን ነካት?


እሳት_ከኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ማታ 3፡12

አሴቲሊን ሲባል ሰምቼ ነው የገባሁት። እኔ ትምህርቱን 10ኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ሥራዬ የጋዝ ብየዳ ነው። ካርባይድ ድንጋዩ ውኃ ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ማለታችሁ ነው አይደል? ነበልባሉን ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ንገሩኝ እስኪ። ደግሞ ያ የነጭ ሽንኩርት ሽታው ከየት ነው የሚመጣው?


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ሰኞ፣ ማታ 3፡50

እንዴት አመሻችሁ ልጆች። ሆጤ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ መነጽሬን ስፈልግ።

ጉም፣ ልጄ፣ የሠራሽው አንድ ስህተት ነው። ሦስት ጊዜ ስለደገምሽው ሦስት መሰለሽ። አተም ቆጠርሽ። መቆጠር የነበረበት ኤሌክትሮኖቹ በመሃለኛው አተም ዙሪያ የሚይዙት ቦታ ነው። የተያያዘ አተም አንድ ቦታ ይይዛል። ብቸኛ ጥንድ፣ እናንተ ሎን ፔር የምትሉት፣ ከማንም ጋር ባይያያዝም አንድ ቦታ ይይዛል። ዳብል ቦንድም ሆነ ትሪፕል ቦንድ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ቦታው አንድ ነው።

አሁን ወረቀት አውጪ። አሞኒያ፦ ናይትሮጅን አምስት ኤሌክትሮን አለው፣ ሦስቱን ለሃይድሮጅኖቹ አዋጣ፣ ሁለት ቀረው። ያ አንድ ጥንድ ነው። ሦስት ቦንድ እና አንድ ጥንድ፣ አራት ቦታ። ውኃ፦ ኦክስጅን ስድስት አለው፣ ሁለቱን አዋጣ፣ አራት ቀረው። ያ ሁለት ጥንድ ነው። ሁለት እና ሁለት፣ አራት ቦታ። «እንዴት እኩል ይወጣሉ» ላልሽው መልሱ ይኸው።

ኦዞንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ሳዪያቸው። የካርቦን ዳይኦክሳይድን ቫለንስ ኤሌክትሮኖች ስትደምሪ 4 + 6 + 6፣ 16 ይመጣል። የኦዞን 6 + 6 + 6፣ 18 ነው። ኦዞን ሁለት ኤሌክትሮን ይበልጣል። ጎን ያሉት ኦክስጅኖች ስምንት ስምንት ኤሌክትሮናቸውን ከሞሉ በኋላ ያ ትርፍ ጥንድ የሚያርፈው መሃለኛው ላይ ነው። አንድ ዳብል ቦንድ፣ አንድ ነጠላ ቦንድ፣ አንድ ብቸኛ ጥንድ፤ ሦስት ቦታ፣ ኤስፒ2። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ብሎ 180 ዲግሪ ሲተኛ ኦዞን ግን ጎብጦ 117 ዲግሪ አካባቢ የሚሆነው በዚያ ጥንድ ግፊት ነው። አንቺ ያየሽው ሁለቱን ኦክስጅኖች ነው፤ ያጎበጠውን አላየሽውም።

ካላመንሽኝ ድንችና ስቴኪኒ አምጪ። በክፍል ሁልጊዜ የማደርገው ነበር። «አራት ስቴኪኒ ድንቹ ላይ ስኩ፣ እርስ በርስ እስከተቻለ ድረስ ይራራቁ» ስል ሁሉም መስቀል አድርጎ ጠፍጣፋ ይሰካል። 90 ዲግሪ። ከዚያ አንድ ልጅ ድንቹን ገልበጥ ያደርግና የታችኛው በኩል ባዶ መሆኑን ያያል። አንዱን ወደ ላይ፣ ሦስቱን ወደ ታች ዘርጋ ሲያደርጋቸው 109.5 ይመጣል። ሚቴን ማለት ያ ድንች ነው።


ሐረጎ_ጥምዝ | ሰኞ፣ ማታ 4፡02

ጋሼ፣ ታዲያ አሞኒያ ለምን 107፣ ውኃ ለምን 104.5 ሆነ? አራት ቦታ ካላቸው ሁሉም 109.5 መሆን አልነበረባቸውም?

ቆይ፣ ራሴው ልመልሰው። የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ነው። አራት ሰው ይቀመጣል ይባላል። አንዱ ግን ጉልበቱን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። ሌሎቹ ሦስቱ ይጣበባሉ፤ ሐረጎ ጥምዝ መንገዱ ላይ ስትደርስ ደግሞ ጎንህ ውስጥ ይገባል። ብቸኛ ጥንድ ያ ሰውዬ ነው። አሞኒያ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ውኃ ላይ ሁለት።


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ሰኞ፣ ማታ 4፡09

ዘንድሮም አስተምር ቢሉኝ ይህን እጠቀምበት ነበር። ትክክል ነው። የተያያዘውን ጥንድ ሁለት ኒውክለስ ስለሚስበው ጠበብ ይላል። ብቸኛውን የሚስበው አንድ ብቻ ስለሆነ ይንሰራፋል።

ቦርከና፣ ወዳንተ ልመለስ። ፎርሙላህን አትጣላት፣ ግን ምን እንደምትሠራ እወቅ። ኦክስጅን ከመሃለኛው ሁልጊዜ ሁለት ኤሌክትሮን ያስወጣል። ዳብል ቦንድ ከሆነ ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያዋጣል፤ ነጠላ ከሆነ ደግሞ መሃለኛው ጥንዱን ሙሉውን ይሰጠዋል። በሁለቱም መንገድ ሁለት ወጥቶ አንድ ቦታ ተያዘ። ለ2 ሲካፈል አንድ፤ ሒሳቡ ራሱ ይዘጋል፣ ተጨማሪ መደመር አይሻም። ሃይድሮጅን ግን አንድ ብቻ ነው የሚያስወጣው፤ ጥንዱን የሚሞላውን አንድ ራሱ ይዞ ይመጣል። የሚደመረው ለዚህ ነው።

ትሪፕል ቦንድ ከመሃለኛው ሦስት ያስወጣና አንድ ቦታ ይይዛል። ሦስት ለሁለት ሲካፈል አንድ ተኩል። ያቺ ትርፍ ግማሽ ናት አሴቲሊንና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ላይ ያሾፈችባችሁ። ትሪፕል ቦንድ ባለበት አንድ ቀንሱ፦ 5 − 1 = 4፣ ሲካፈል 2፣ ኤስፒ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ላይ ያለው ግማሽ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ጓደኛ የሌላት አንዲት ኤሌክትሮን አለች። እሷም ቦታ ስለምትይዝ ሦስት ነው፣ ኤስፒ2 እንለዋለን። አንድ ብቻዋን ስለሆነች ግን ብዙ አትገፋም፤ ማዕዘኑ እስከ 134 ይከፈታል።

እሳት፣ ያንተን ጥያቄ ለነገ አቆይልኝ። መልሱ ረጅም ነው፣ እዚህ ደግሞ ብርዱ ጣቴን አላንቀሳቅስ ብሎኛል።


እሳት_ከኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ችግር የለም ጋሼ። እኛ ጋ እንኳ ሙቀት ነው፣ ይውረዱ።


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

እሳት፣ የአንተ ጋዝ እንዲህ ነው። አራት አተም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር፤ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን። እያንዳንዱ ካርቦን ሁለት ቦታ ስላለው ኤስፒ ነው፣ 180 ዲግሪ። በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ትሪፕል ቦንድ አለ፤ አንዱ ሲግማ፣ ማለት ዋናው ቦንድ፣ ሁለቱ ፓይ። ስፕሪሱ ውስጥ ያልገቡት ሁለት ፒዎች ናቸው ፓይ የሠሩት። ይህ ሞለኪውል ከተሠራበት አካላት አንጻር ብዙ ኃይል አምቆ የያዘ ነው። ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ከ3000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚደርሰው ከዚህም የተነሳ ነው።

ሽታው የአሴቲሊን አይደለም። ንጹሕ አሴቲሊን ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ከካርባይዱ ጋር የሚመጣው ቆሻሻ ውኃ ሲነካው ሌላ ጋዝ ይሰጣል፤ ዋናው ፎስፊን ይባላል። አንድ ፎስፈረስ፣ ሦስት ሃይድሮጅን። መርዝ ስለሆነ በዝግ ቤት አትሥራበት።

ይህ ፎስፊን ደግሞ ለእነ ጉም ጥሩ ትምህርት አለው። ቁጠሪው እስኪ። ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን አምስት አለው። ሦስት ቦንድ፣ አንድ ብቸኛ ጥንድ፣ አራት ቦታ። ምን ትያለሽ?


ጉም_በጦሳ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡35

ከትምህርት ቤት መጣሁ። ጋሼ፣ ኤስፒ3 ነው፣ ማዕዘኑም እንደ አሞኒያ 107 አካባቢ ይሆናል። በፎርሙላም 5 + 3፣ ለ2፣ 4።


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ማክሰኞ፣ ቀን 8፡00

የሚለካው 93.5 ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድም በአንቺ አቆጣጠር የውኃ ወንድም ነው፤ 104.5 ስትጠብቂ 92 ይሆናል።


ቦርከና_ማዶ | ማክሰኞ፣ ቀን 8፡04

እንዴ! ታዲያ ትናንት የተማርነው ሁሉ ውሸት ነው?


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ማክሰኞ፣ ቀን 8፡30

ውሸት አይባልም፣ የመጣበትን መንገድ መርሳት ነው። በ1931 ላይነስ ፓውሊንግ ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ ከፊቱ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ካርቦን አንድ ኤስ እና ሦስት ፒ አለው፤ ዓይነታቸው ይለያያል። ሚቴን ላይ ግን አራቱ ቦንዶች በርዝመትም በማዕዘንም ፍጹም እኩል ናቸው። ከተለያየ ነገር እኩል ነገር እንዴት ይወጣል? «በሒሳብ ብንቀላቅላቸው እኩል አራት ይወጣሉ» አለ። ቅርጹ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ድብልቁ ቅርጹን ለማስረዳት ነው የመጣው። ሰውዬው ስለ ኬሚካል ቦንድ በሠራው ሥራ በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። የሰላሙንም የ1962ቱን ደርቦ ወስዷል።

አተሙ ራሱ «ዛሬ ኤስፒ3 ልሁን» ብሎ አያውቅም። ፎስፈረስ ከናይትሮጅን ይተልቃል፤ ሃይድሮጅኖቹ ራቅ ብለው ስለሚቀመጡ እርስ በርስ ብዙ አይጋፉም። ስለዚህ ቦንዶቹ በአብዛኛው ያልተቀላቀለ ፒ ሆነው ይቀራሉ። ፒዎች እርስ በርሳቸው በ90 ዲግሪ ነው የሚቆሙት፤ 93.5 ለዚያ እንዴት እንደሚቀርብ እዩ። ብቸኛው ጥንድ ደግሞ ኤስ ውስጥ ይከተታል። ስፕሪሱ በደንብ አልተማሰለም ማለት ነው።


ስፕሪስ_ያለ_ስኳር | ማክሰኞ፣ ቀን 8፡33

ሐረጎ፣ የጁስ ቤቱ ስፕሪስ ተገኘ። ይቅርታህን ጠይቄያለሁ።


ገራዶ_በታች | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኛ አስጠኚ ጋ ፎስፈረስ ፔንታክሎራይድ ኤስፒ3ዲ፣ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ኤስፒ3ዲ2 ተብለን ተምረናል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ዲ የሚባል ነገር ውስጡ የለም» ብሎ ተከራከረኝ። ማን ነው ልክ?


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

ጓደኛህ ለእውነቱ ይቀርባል። ስሌቶች እንደሚያሳዩት ዲ ኦርቢታሎች እዚያ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ነው። ፈተናው ግን አምስት ቦታ ሲል ኤስፒ3ዲ፣ ስድስት ሲል ኤስፒ3ዲ2 ይጠብቃል፤ እሱን ጻፍ። ቅርጹ ላይ ክርክር የለም። አምስቱ በ120 እና በ90፣ ስድስቱ በ90።


ጉም_በጦሳ | ረቡዕ፣ ማታ 12፡50

መብራት መጣ! ድንቹን ሰካሁት። አንዱን ወደ ላይ፣ ሦስቱን ወደ ታች፣ ልክ እንዳሉት። ፎቶ ላነሳው ስል እማዬ ለወጥ ፈልጋው ወሰደችው። ሚቴን በልተን አደርን ማለት ነው።

የራሴን ሠርቻለሁ፣ እዩልኝ።

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፦ ሁለት ኦክስጅን፣ አንድ ብቸኛ ጥንድ። ሦስት ቦታ፣ ኤስፒ2። ጎባጣ።
ሃይድሮኒየም፦ ሦስት ሃይድሮጅን፣ አንድ ጥንድ። ኤስፒ3። የአሞኒያ ቅርጽ።
ፎርማልዲሃይድ፦ ካርቦኑ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ዳብል ቦንድ። ኤስፒ2።
ሃይድሮጅን ሳያናይድ፦ ካርቦኑ ሁለት ቦታ። ኤስፒ። ፎርሙላውም አንድ ስቀንስ እሺ አለኝ።
ናይትሬት፦ ናይትሮጅኑ ላይ ሁለት ዳብል ቦንድና አንድ ነጠላ። ሦስት ቦታ፣ ኤስፒ2።


ቦርከና_ማዶ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡02

ሁሉም ልክ ነው። ጎበዝ!


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

መልሱ ሁሉም ልክ ነው። ናይትሬት ላይ ግን ሥዕልሽ አይሆንም። ሁለት ዳብል ቦንድና አንድ ነጠላ ማለት ናይትሮጅኑ ዙሪያ አሥር ኤሌክትሮን ነው። ናይትሮጅን ከስምንት አያልፍም፤ በፔሪዮዲክ ቴብሉ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው ያለው። አንድ ዳብል፣ ሁለት ነጠላ አድርጊው። ቦታው ያው ሦስት ስለሆነ ዕድል አወጣሽ። ሥዕሉን የሚያይ መምህር ቢገጥምሽ ግን ነጥብ ይቀንስልሻል። ቦርከና፣ አንተም አልፈኸዋል።


ቦርከና_ማዶ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡12

ተይዣለሁ ጋሼ። መልሱን ብቻ ነው ያየሁት።


ጉም_በጦሳ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

አስተካከልኩት። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አያቴ ኩታበር ገበሬ ነው። ቤታችን «46» የሚል የተጻፈበት የዩሪያ ጆንያ አለ፣ እህል እናደርግበታለን። ኬሚስትሪውን አወጣሁት። ካርቦኑ መሃል ነው፤ አንድ ኦክስጅን በዳብል ቦንድ፣ ሁለት ናይትሮጅን። ሦስት ቦታ፣ ኤስፒ2። ናይትሮጅኖቹ ግን ሦስት ሦስት ቦንድና አንድ አንድ ብቸኛ ጥንድ ስላላቸው ኤስፒ3። ልክ ነኝ?


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ረቡዕ፣ ማታ 1፡52

ካርቦኑ ልክ ነው። 46ቱም ከመቶው ክብደት 46ቱ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው።

ናይትሮጅኖቹ ላይ ጥሩ ቆጥረሻል፣ እነሱ ግን አይታዘዙም። ጎረቤታቸው ካርቦን ከኦክስጅኑ ጋር ፓይ ቦንድ አለው። የናይትሮጅኑ ብቸኛ ጥንድ ያንን ያይና ወደዚያው ያዘነብላል፣ ግማሽ ልቡ እዚያ ነው። ለማዘንበል ደግሞ ፒ ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ጆንያው ውስጥ ባለው ጠጣር ዩሪያ ናይትሮጅኑ እንደ አሞኒያ አይሾልም፤ ከካርቦኑ ጋር ጠፍጣፋ ይተኛል። ወደ ኤስፒ2 ነው የሚያደላው። ብቸኛ ጥንድ ከፓይ ቦንድ አጠገብ ስታዪ ከመቁጠርሽ በፊት ቆም በይ።


ጉም_በጦሳ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡55

ወይኔ! ፈተና ላይ ቢመጣስ?


ጠመኔ_ይዤ_ነበር | ረቡዕ፣ ማታ 2፡01

የሚጠይቁሽ ካርቦኑን ነው። አሁን ተኚ።